የጎልፍ ጂቲአይ ትክክለኛ የነዳጅ ፍጆታ፦ እንዴት እንደሚለካና እንዴት እንደሚቀነስ

ሰባተኛውን ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ገዝቶ አንድ ወር ያሽከረከረ ሰው፣ ይዋል ይደር እንጂ፣ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። የሽያጭ ሰነዱ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ቤንዚን እንደሚፈጅ ይናገራል፤ በተግባር ግን 9 ሊትር ይበላል፤ ታዲያ ሞተሩ ተበላሽቶ ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ችግሩ ያለው ከተያዘው ማነጻጸሪያ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ በጀርመንና በአጎራባች አገሮች ይህን መኪና ለሚነዱ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ እንደ ፎርድ ፊየስታ ኤስቲ፣ ሬኖ ሜጋን አርኤስ ወይም ሂዩንዳይ አይ30 ኤን ያለ ፈጣን የቤንዚን ሃችባክ ያለው ሰውም ቁጥሮቹን በመጠኑ አስተካክሎ ሊጠቀምበት ይችላል። ዓላማው ጂቲአይን ወደ ታክሲ መለወጥ አይደለም፤ 350 ኒውተን ሜትር የመጎተት ኃይል ያለው መኪና ከፍሎ የገዛ ሰው ያንን ኃይል የመጠቀም መብት አለው። ቁም ነገሩ፣ ቤንዚኑ የሚያልቀው ብዙዎች በሚጠረጥሩት ቦታ አለመሆኑን ማወቅ ነው።

የወረቀቱ ቁጥር ከየት መጣ?

ሰባተኛው ጂቲአይ እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ ሲቀርብ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአውሮፓ የሚሠራበት የፍጆታ መለኪያ ኤንኢዲሲ የሚባለው ነበር። በዚህ መለኪያ መኪናው መንገድ ላይ አይወጣም፤ በቤተ ሙከራ ውስጥ ጎማዎቹ በሚሽከረከር በርሜል ላይ እንደሆኑ ለ20 ደቂቃ ያህል 11 ኪሎ ሜትር ይነዳል። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 120 የሚደርሰው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ፍጥነት የሚጨመረውም እጅግ በዝግታ ስለሆነ፣ 220 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙከራው ሂደት ሁሉ ተርቦውን (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን መሣሪያ) ከልብ የሚፈልግበት አጋጣሚ አልነበረም። ባለ ማንዋል ካምቢዮው መኪና 6 ሊትር የተመዘገበለት በዚህ ሁኔታ ነው።

ከሴፕቴምበር 2017 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ለሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ፣ ደብሊውኤልቲፒ የተባለው መለኪያ ተተካ። እሱም የቤተ ሙከራ መለኪያ ነው፤ ሆኖም ርቀቱ 23 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜው 30 ደቂቃ፣ ከፍተኛው ፍጥነት ደግሞ 131 ሆነ። በ2020 የመጣው ባለ 245 የፈረስ ጉልበት ስምንተኛው ጂቲአይ በዚህ መለኪያ 7 ሊትርን ማለፉ መኪናው በላተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ሚዛኑ ወደ እውነቱ ስለተጠጋ ነው። ያም ሆኖ የአውሮፓ ኮሚሽን በመኪኖቹ ውስጥ ከተገጠመው የፍጆታ መመዝገቢያ የተሰበሰበውን መረጃ በ2024 ይፋ ሲያደርግ፣ በ2021 የተመዘገቡት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች በመንገድ ላይ ከደብሊውኤልቲፒ ቁጥራቸው 20 በመቶ ገደማ በላይ እንደሚፈጁ ታይቷል።

እኔ ለሰባተኛው ጂቲአይ የተሻለ መነሻ አድርጌ የምቆጥረው የአሜሪካውን ቁጥር ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለ2015 ሞዴል የሰጠው የተደባለቀ ፍጆታ በጋሎን 28 ማይል ሲሆን፣ ይህ ወደ አውሮፓ ስሌት ሲመለስ በ100 ኪሎ ሜትር 8.4 ሊትር ይሆናል። መኪናው በጥቅሉ ያው ነው፤ በሁለቱ አገሮች ሰነድ መካከል ግን ከ2 ሊትር በላይ ልዩነት አለ። ስለዚህ ከተማን፣ የገጠር መንገድንና አውቶባንን ቀላቅሎ የሚነዳ ሰው ከ8 እስከ 9 ሊትር ቢያገኝ መኪናው ጤነኛ ነው ብሎ መረጋጋት ይችላል።

ስለ አቆጣጠሩ አንድ ነገር

በአገራችን ልማድ ጥያቄው «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» የሚል ነው፤ ጀርመኖች ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደምትፈጅ ይጠይቃሉ። አንዱን ወደ ሌላው ለመለወጥ 100ን ለያዙት ቁጥር ማካፈል ይበቃል፤ 9 ሊትር ማለት በሊትር 11.1 ኪሎ ሜትር፣ 8 ሊትር ማለት ደግሞ 12.5 ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ አቆጣጠር ግን ቁጠባን ለማነጻጸር ሲውል ያሳስታል። ፍጆታው በሊትር ከ8 ወደ 10 ኪሎ ሜትር የተሻሻለለት ሰው በ100 ኪሎ ሜትር 2.5 ሊትር ያተርፋል፤ ከ14 ወደ 16 የተሻሻለለት ግን፣ እሱም ሁለት ኪሎ ሜትር ጨምሮ ሳለ፣ የሚያተርፈው 0.9 ሊትር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ቀጥሎ ያለው ሁሉ በ100 ኪሎ ሜትር የተሰላው። የእንግሊዝ አሽከርካሪዎች ስለ ጂቲአይ የሚሉትን የሚከታተል ሰውም የእነሱ ጋሎን 4.546 ሊትር፣ የአሜሪካው ደግሞ 3.785 ሊትር መሆኑን ልብ ይበል፤ 40 ማይል በጋሎን ለእንግሊዛዊው 7.1 ሊትር፣ ለአሜሪካዊው 5.9 ሊትር ነውና።

አለካክ

ዳሽቦርዱ ላይ የሚነበበውን አማካይ ፍጆታ እንደ መጨረሻ ቃል አይውሰዱት። ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን የሚገምተው ኢንጀክተሮቹ (ቤንዚኑን የሚረጩት አፎች) ከተከፈቱበት ጊዜ ተነሥቶ ነው፤ ግምቱም ከእውነቱ ጥቂት በመቶ ዝቅ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። አስተማማኙ መንገድ የማደያውን ቆጣሪ መጠቀም ነው።

ታንኩን ሲሞሉ የማደያው ቱቦ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ሲዘጋ ያቁሙ፤ ሂሳቡን ወደ ሙሉ ዩሮ ለማድረስ ብለው ጠብ ጠብ እያደረጉ አይጨምሩ። የጉዞ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሱ፣ 50 ሊትር ከሚይዘው ታንክ ቢያንስ ሦስት አራተኛው እስኪያልቅ ይንዱ፣ ከዚያም ቢቻል በዚያው ማደያ፣ በዚያው ቆጣሪ፣ መኪናውን በዚያው አቅጣጫ አቁመው እንደ መጀመሪያው ይሙሉ። የሞሉትን ሊትር ለተጓዙት ኪሎ ሜትር አካፍለው በ100 ያባዙ። ለምሳሌ 487 ኪሎ ሜትር ተጉዘው 41.3 ሊትር ቢሞሉ ፍጆታው 8.48 ሊትር ነው። በዚያው ርቀት ዳሽቦርዱ 8.0 ብሎ ከነበረ፣ ኮምፒውተሩ 6 በመቶ ያህል እየሸነገለዎት ነው ማለት ነው።

አንድ ታንክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የአንዱ ማደያ ቱቦ ከሌላው ቀድሞ ሊዘጋ ይችላል፤ የመሬቱ ማዘንበልም የአንድ ሊትር ልዩነት ያመጣል፤ 40 ሊትር ላይ አንድ ሊትር ደግሞ 2.5 በመቶ ነው። ስለዚህ የብዙ ታንኮችን ሊትር አንድ ላይ፣ ኪሎ ሜትሩንም አንድ ላይ ደምረው ያካፍሉ። የየታንኩን ውጤት ደምሮ ለታንኮቹ ቁጥር ማካፈል ግን ስሕተት ነው፤ አጭር ርቀት የሸፈነው ታንክ ረጅም ርቀት ከሸፈነው እኩል ድምፅ ያገኛልና። ከቁጥሩ ጎን የአየሩን ሁኔታ፣ የተገጠመውን ጎማ ዓይነትና መንገዱ በብዛት ከተማ ወይስ አውቶባን እንደነበረ አንድ አንድ ቃል ይጻፉ። በክረምት ከፍ ያለው ቁጥር በበጋ ሲወርድ «የቀየርኩት ካንዴላ ሠራ» ብሎ ከመደሰት የሚያድነው ይህ ማስታወሻ ነው።

ልዩነቱ በየታንኩ ተመሳሳይ ሆኖ ከቀጠለ፣ ቪሲዲኤስ ወይም ኦቢዲኢለቨን በሚባሉት መመርመሪያዎች የዳሽቦርዱን ስሌት ከ85 እስከ 115 በመቶ ባለው ክልል ማስተካከል ይቻላል። ይህ የሚያርመው የሚታየውን ቁጥር ብቻ እንጂ ፍጆታውን አይደለም፤ ቢሆንም በየቀኑ የሚያዩት ቁጥር እውነተኛ ሲሆን አነዳድን ለማረም ይረዳል።

ቤንዚኑ የት ይሄዳል?

ብዙ ሰው የጂቲአይ ፍጆታ የሚንረው ነዳጅ ተረግጦ መኪናው ሲወነጨፍ ነው ብሎ ያምናል። እስቲ እናስላው። ከነአሽከርካሪው 1,450 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት 0.155 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ሞተሩ ከቤንዚኑ ጉልበት 30 በመቶውን ወደ ጎማ ያደርሳል ብንል፣ መኪናውን ከቆመበት 100 ለማድረስ ለጉልበቱ ብቻ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ቤንዚን ይወጣል፤ አንድ የቡና ሲኒ ማለት ነው። መኪናው በ7 ሰከንድም ይድረስ በ20 ሰከንድ ይህ ሲኒ ያው ነው። ዋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ያንን ፍጥነት ይዘው ቢቀጥሉ፣ ወይም እግርዎን አንሥተው መኪናው በራሱ ግፊት እንዲሄድ ቢያደርጉ፣ ጉልበቱ መንገድ ይሆንልዎታል። ከ300 ሜትር በኋላ ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ቢረግጡ ግን ሲኒውን ሙሉ በፍሬን ሸራ ላይ አቃጠሉት፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሲኒ ይቀዳል። በከተማ የሚያስከፍለው ነዳጅ መርገጡ ሳይሆን ፍሬኑ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በአውቶባን ላይ ሂሳቡ ሌላ ነው፤ እዚያ ጠላቱ አየር ነው። የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ከ100 ወደ 130 ሲያልፉ የሚገፋዎት አየር 69 በመቶ፣ ከ130 ወደ 160 ሲያልፉ ደግሞ እንደገና 51 በመቶ ይጨምራል። የጂቲአይን ቅርጽ፣ ክብደትና የጎማ መጎተት ግምት ውስጥ አስገብቶ ሲሰላ፣ ሞተሩ ሞቆ በሜዳ ላይ ሳይዋዥቅ ሲነዳ በ100 ወደ 5.5 ሊትር፣ በ130 ወደ 7.5 ሊትር፣ በ160 ወደ 10 ሊትር፣ በ200 ደግሞ 14 እና 15 ሊትር ድረስ ይወጣል። በጀርመን አውቶባን ገደብ በሌለበት ቦታ ሁሉ የሚመከረው ፍጥነት 130 ነው። 200 ኪሎ ሜትር መንገድ በ160 ለመሄድ የሚወስን ሰው፣ መንገዱ ሁሉ ባዶ ቢሆንለት እንኳ፣ በ130 ከሚሄደው የሚቀድመው በ17 ደቂቃ ሲሆን፣ የሚከፍለው 5 ሊትር ትርፍ ነው፤ ሊትሩ 1.80 ዩሮ ነው ብንል 9 ዩሮ ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ ባዶ አይሆንም፤ የግንባታ ሥራና የጭነት መኪና ሰልፍ ከ17 ደቂቃው እየቀነሱ ይሄዳሉ፣ ሊትሩ ግን አይመለስም። አንዳንድ ጊዜ ይህን ሂሳብ እያወቁ መክፈል ይቻላል፤ እኔም እሁድ ማለዳ ላይ አልኮንነውም።

ከፍ ባለ ፍጥነትና በረጅም ዳገት ላይ ሌላ ተጨማሪ ወጪ አለ። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ከሙሉ ኃይሉ አጠገብ ሲሠራ፣ የጭሱን ሙቀት ዝቅ አድርጎ ተርቦውን ለመጠበቅ ኮምፒውተሩ ለማቃጠል ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን ይረጫል። ኢኤ888 የሚባለው የጂቲአይ ሞተር ሦስተኛ ትውልድ የጭስ መሰብሰቢያው በቴስታታው ውስጥ ተዋህዶ በውኃ ስለሚቀዘቅዝ፣ ይህ ብክነት ከቀደሙት ሞተሮች ያነሰ ነው፤ ሆኖም ጨርሶ አልጠፋም። ለአምስት ሰከንድ ሙሉ ነዳጅ መርገጥና ለአምስት ደቂቃ መርገጥ የማይነጻጸሩትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ማንም ፍጥነት ብሎ የማይጠራው አጭር ጉዞ ነው። ጠዋት ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ተነድቶ የሚቆም ጂቲአይ፣ በተለይ በክረምት፣ በ100 ኪሎ ሜትር ተሰልቶ ከ12 ሊትር በላይ ቢያሳይ ሊያስደነግጥ አይገባም። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የበዛበት የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይፈልጋል፤ የጭስ ማጣሪያው ካታሊስት እስኪግል ድረስ ሆን ተብሎ ቤንዚን ይባክናል፤ የሞተሩና የካምቢዮው ዘይትም ወፍራም ስለሆነ ሁሉም ነገር ይከብዳል። እዚህ ላይ ዳሽቦርዱን በጥሞና መመልከት ይጠቅማል። የውኃው ሙቀት መርፌ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 90 ላይ ወጥቶ ይቆማል፤ የዘይት ሙቀት ወደሚያሳየው ገጽ ሲሄዱ ግን ከ50 ዲግሪ በታች ቁጥር እንኳ አይሰጥም፤ በቁጥሩ ቦታ ሁለት ጭረት ብቻ ይታያል። ጭረቶቹ ጠፍተው ቁጥሩ እያደገ 80 እስኪያልፍ ድረስ መኪናው ገና በውድ እየሠራ ነው። መድኃኒቱ መኪናውን አቁሞ ማሞቅ አይደለም፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሚኒሞ በሰዓት 0.8 ሊትር ያህል እየበላ በዝግታ ነው የሚሞቀው። አስነሥተው ወዲያው በለስላሳ እግር ይሂዱ፤ የተበታተኑ ትንንሽ ጉዳዮችን በአንድ ዙር አያይዘው ይጨርሱ፤ ሩቁን ቦታ አስቀድመው ሄደው ቅርቡን በመመለሻ ላይ ያድርጉት። ወደ ዳቦ ቤቱ ግን በእግር መሄድ ይሻላል።

አነዳድ

የ220 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር ሙሉውን 350 ኒውተን ሜትር በደቂቃ ከ1,500 ዙር ጀምሮ እስከ 4,400 ይሰጣል። ይህ ማለት በዕለት ተዕለት ጉዞ ከ2,500 ዙር በላይ የሚያስኬድ ምክንያት የለም ማለት ነው። ማንዋል ካምቢዮ ያለው አሽከርካሪ ፔዳሉን እስከ ግማሽ ያህል በልበ ሙሉነት ረግጦ በ2,000 ዙር አካባቢ ማርሽ እየጨመረ ወደሚፈልገው ፍጥነት ቶሎ ቢደርስና እዚያ ቢረጋጋ፣ ፔዳሉን በጣት ጫፍ እየነካ በሦስተኛ ማርሽ ከሚንፏቀቀው ያነሰ ይፈጃል። የቤንዚን ሞተር አየር ማስገቢያው ተጨቁኖ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ነው የሚያባክነው። ተቃራኒው ጥፋትም አለ፤ በስድስተኛ ማርሽ በ1,200 ዙር ላይ ሆኖ ፔዳሉን እስከ ወለል መርገጥ ቀጥተኛ ርጭት ላላቸው የተርቦ ሞተሮች አደገኛ ነው፤ ድብልቁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ፒስተን ሊጎዳ ይችላል። ኃይል ሲፈልጉ መጀመሪያ ማርሽ ይቀንሱ።

ዲኤስጂ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ሰው በዲ ላይ ቢተወው ካምቢዮው ራሱ ቀድሞ ማርሽ ይጨምራል። ኤስ የሚባለው ስልት ማርሹን ይዞ ዙሩን ከፍ ስለሚያደርግ ለተጠማዘዘ የተራራ መንገድ እንጂ ለሥራ መመላለሻ አይሆንም። በኢኮ ስልት ላይ ደግሞ እግር ሲነሣ ካምቢዮው ሞተሩን ከጎማው ያላቅቀዋል፤ መኪናውም በሚኒሞ እየተንሳፈፈ ይሄዳል።

መንሳፈፍና በማርሽ መውረድ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱም ቦታ አላቸው። ማርሽ እንደገባ እግርዎን ከፔዳሉ ሲያነሡ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። የቅጽበት ፍጆታ በሚያሳየው ገጽ ላይ 0.0 ተጽፎ ያዩታል፤ ዙሩ ወደ ሚኒሞ ሲቃረብ ብቻ ርጭቱ ይመለሳል። ከፊት ለፊት ቀይ መብራት ወይም የመንደር መግቢያ ምልክት ከታየ፣ ፍጥነት መቀነስ ስለሚያስፈልግ ይህኛው ይመረጣል። መንገዱ ረጅምና ለስላሳ ቁልቁለት ሆኖ ፍጥነቱ እንዲቀንስ ካልፈለጉ ግን መንሳፈፉ ያዋጣል፤ በሚኒሞ የሚበላው ጥቂት ቤንዚን ሞተሩን ለመጎተት ከሚጠፋው ጉልበት ያነሰ ነውና። በማንዋል ካምቢዮ በቁልቁለት ኖርማል አስገብቶ መልቀቅን ግን አልመክርም፤ በተለይ በረጅምና ቀጥ ባለ ቁልቁለት ፍሬኑን ያግላል።

ፍሬንን ማዳን የሚቻለው ርቆ በማየት ብቻ ነው። የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት ሳይሆን ከእሱ ፊት ያለውን፣ እንዲያውም ሦስተኛውን ይመልከቱ፤ እግርዎን ከሌሎች ሁለት ሰከንድ ቀድመው ያንሡ። ልዩነቱ ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሊትር ሊበልጥ ይችላል፤ የጉዞው ሰዓት ግን አይለወጥም። ከጭነት መኪና ጀርባ ተለጥፎ አየር መስረቅ የሚባለው ዘዴ በስሌት ትክክል ነው፤ በመንገድ ላይ ግን የሕይወት ቁማር ነው፣ በጀርመንም ርቀት ባለመጠበቅ ያስቀጣል። ክሩዝ ኮንትሮል በሜዳ መንገድ ይጠቅማል፤ ኮረብታ በበዛበት ግን ቁጥሩን ላለመልቀቅ ዳገቱ ላይ ስለሚታገል፣ ዳገት ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንዲወርድ፣ ቁልቁለት ላይ እንዲያገግም በእግር መንዳት ይሻላል።

ጎማ፣ ጭነትና ነዳጅ

የጎማ ንፋስን በየወሩ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለኩ፤ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ ንፋሱ 0.1 ባር ያህል ይቀንሳል፤ በመከር የሞሉት ጎማ በጥር ጎድሎ የሚገኘው ለዚህ ነው። የሚፈለገው መጠን በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ወይም በበሩ ምሶሶ ላይ ተለጥፏል። ቀጣዩን ጎማ ሲገዙ የአውሮፓን የጎማ መለያ ይመልከቱ፤ ፍጆታን የሚያመለክተው ደረጃ ከኤ እስከ ኢ ነው። እዚህ ላይ ግን ምክሬ ለፈጣን ሃችባክ (ሆት ሃች) ባለቤት ትንሽ ይለያል፤ በዚህ ኃይል የሚነዳ መኪና ላይ የእርጥብ መንገድ ደረጃው ይቅደም፣ ፍጆታው ይከተል። ከ17 ኢንች ወደ 19 ኢንች ቸርኬ መለወጥም ለዓይን ያምራል፣ ሰፊውና ከባዱ ጎማ ግን ዋጋውን ማደያ ላይ ይጠይቃል።

ለበጋ ጉዞ የተጫነው ፖርቶ መጋላና ሳጥኑ ከዕረፍት ሲመለሱ ዕለቱኑ ይውረድ፤ በ130 ከአንድ ሊትር በላይ የሚያስጨምር ነገር ጣሪያ ላይ ተረስቶ ወራት ይቆያል። በኋላ ሻንጣ ውስጥ የተረሳው 30 ኪሎ ዕቃ ግን የሚወራውን ያህል አይጎዳም።

ማደያ ላይ ኢ10 የሚባለው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ነው። ኢታኖል በሊትር ያለው ጉልበት ከቤንዚን በሲሶ ያህል ስለሚያንስ፣ ከኢ5 (እስከ 5 በመቶ ኢታኖል ካለበት ቤንዚን) ወደ ኢ10 ሲዛወሩ ፍጆታው 1.5 በመቶ ገደማ ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል። የዋጋው ልዩነት ከዚህ ከበለጠ ኢ10 ያዋጣል፤ በጀርመን ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ኦክቴን በላይ መሙላት ሙሉ ኃይሉን በሙቀት ወቅት ለሚጠቀም ሰው ትንሽ ሊረዳ ይችላል፤ ለፍጆታ ብሎ የሚገዛው ግን ገንዘቡን አያስመልስም። ታንክ ውስጥ የሚጨመሩ «ቆጣቢ» ጠብታዎችንና ቱቦ ላይ የሚታሰሩ ማግኔቶችን በተመለከተ ጊዜዎን አላጠፋም። ኃይል ለመጨመር የሚጫነው ሶፍትዌር ደግሞ በለስላሳ ጉዞ ላይ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ በተግባር ፍጆታው ከፍ የሚለው አዲሱን ኃይል የማይፈትን አሽከርካሪ ስለሌለ ነው።

ወደ ጋራዥ መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

አነዳድን ከመኪናው ጤንነት ለመለየት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ንፋስ በሌለበት በሞቃት ቀን፣ ዘይቱ 80 ዲግሪ ካለፈ በኋላ፣ በሜዳማ አውቶባን ላይ የጉዞ ኮምፒውተሩን ወደ ዜሮ መልሰው በክሩዝ ኮንትሮል በ100 ቢያንስ 20 ኪሎ ሜትር ይንዱ፤ ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ ይድገሙት። የሁለቱ አማካይ፣ የኮምፒውተሩ ስሕተት ታርሞ፣ ከ6 ሊትር በታች ከሆነ መኪናው ጤነኛ ነው። 7 ሊትር ካለፈ ግን እግርዎን ሳይሆን መኪናውን ይጠርጥሩ።

የምፈትሽበት ቅደም ተከተል ከርካሹ ወደ ውዱ ነው። ከጎማ ንፋስ ቀጥሎ ፍሬን ይመጣል፤ ፍሬን እምብዛም ሳይረግጡ ነድተው ሲያቆሙ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ብቻ ሙቀትና የተቃጠለ ሽታ ከሰጠ፣ ሸራው ዲስኩን አልለቀቀም ማለት ነው፤ ዲስኩን ግን በእጅዎ እንዳይነኩ። ጎማው ባንድ በኩል ብቻ እየተበላ ከሆነ ጎሚስታው ሊያየው የሚገባ የአሰላለፍ ችግር አለ። ከረጅም ጉዞ በኋላም የውኃው ሙቀት 90 የማይደርስ ከሆነ ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፤ ሞተሩም ዘወትር እንደ ቀዝቃዛ እየተመገበ ነው። ካንዴላዎቹ የአገልግሎት ጊዜያቸው ካለፈ ይቀየሩ፤ የአየር ፊልትሮ መቆሸሽ በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ከፍጆታ ይልቅ ኃይልን ነው የሚቀንሰው፣ ስለዚህ ብዙ ተስፋ አይጣልበት። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ መመርመሪያውን በኦቢዲ ሶኬቱ ላይ ሰክተው የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያ የሚባለውን፣ ኮምፒውተሩ ርጭቱን ከመደበኛው በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ንባብ ይመልከቱ፤ ከዜሮ በላይም ሆነ በታች 5 በመቶ ውስጥ ከሆነ ድብልቁ በሥርዓት ነው። 10 በመቶ ያለፈ ንባብ ከታየ የአየር ማፍሰስ፣ የደከመ የአየር መለኪያ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ሊኖር ይችላል፤ መካኒኩ ክፍል መቀየር ከመጀመሩ በፊት ይህን ቁጥር ጽፈው ይስጡት፣ ከጥገናው በኋላም ያው ቁጥር እንደገና እንዲነበብ ይጠይቁ።